ቀትር ላይ የሚያዘግመው ትራክተር

አባቴ ነሐሴ ላይ ሲሞት ሁለት ነገር ነው ትቶልኝ የሄደው፤ አንድ ያረጀ ትራክተርና «አልሞተም» የምትል እናት። ከሁለቱ የትኛው አስቸገረህ ብባል ለረጅም ጊዜ ትራክተሩ ነው እል ነበር።

እኔ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ባጃጅ እየነዳሁ፣ ስትበላሽም ራሴ እየፈታሁ እየገጠምሁ የምኖር ሰው ነበርሁ። እርሻችን ከጋፋት ወረድ ብሎ ነው። ከከተማው ብዙ አይርቅም፤ ቢሆንም ተመልሼ እዚያ ጭቃ ውስጥ እገባለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አባቴ ሲሞት ግን መሬቱን የሚያርስ ጠፋ። እናቴም ቤትሽን ዘግተሽ ከተማ ግቢ ብትባል የምትሰማ ሴት አይደለችም። ስለዚህ ባጃጄን ለጓደኛ ሰጠሁና ተመለስሁ። እያጉረመረምሁ ነው የተመለስሁት፤ አልዋሽም።

ነገሩን ሁሉ ያበላሸው የአባቴ አሟሟት ነው። ጎኑን ሲያመው ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ወሰድሁት፤ እናቴ ላሞቹን ጥላ መሄድ ስላልቻለች ቤት ቀረች። እዚያው አረፈ። ሬሳውን በሳጥን አሽገው ሰጡኝ፤ ሚስማሩ ከተመታ በኋላ እንዳይከፈት ተባለ። እኛ ዘንድ ሰው ተከፍኖ፣ በሰሌን ተጠቅልሎ ነው ወደ መቃብር የሚወርደው፤ ሳጥን የከተማ ነገር ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ክፈቱትና ልየው» አለች። ሽማግሌዎቹ «ተይ፣ አይሆንም» አሏት። ዝናቡ ይወርድ ነበር፤ ሰዉም ቸኩሏል። ሳጥኑ ጉድጓድ ገባ፤ እሷም አላለቀሰችም።

ከቀብር መልስ «ያላየሁትን ሰው እንዴት ብዬ ላልቅስ?» አለችኝ።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ እንደ እንግዳ ተቀምጣ ሰነበተች። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ እሷ እነሱን ታያለች። አርባው ደረሰ፤ ለተዝካር የሚሆን እህል ከጎተራ አላወጣችም። መንፈቁም አለፈ። የነፍስ አባታችን፣ ሁላችንም «አባ» የምንላቸው ሸምገል ያሉ ቄስ፣ እየመጡ ይለምኗታል። «ተዝካሩን አውጪለት እንጂ፤ ነፍሱን አታንገላቺው» ይሏታል። በአክብሮት ሰምታቸው ታበቃና «ተዝካር እኮ ለሞተ ሰው ነው፣ አባ» ትላቸዋለች። ከዚያ በላይ አትናገርም። እኔ የነፍስን ነገር ብዙ አላውቅም። የማውቀው እናቴ እየከሳች መሄዷን ነው። ምግብ ሲቀርብ ገና ለሚመጣ ሰው ግማሹን ታስቀምጣለች። ይህ ነገር በጊዜ ካልተቋጨ እሷንም እንደማጣት ገብቶኝ ነበር፤ በጣም ፈርቼ ነበር።

አባቴ በሕይወት ሳለ ሁለቱ በእርሻ ወቅት አንድ ልማድ ነበራቸው። ቀትር ሲሆን እናቴ ምሳ በአገልግል ይዛ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ብቅ ትላለች። አባቴ ገና ከሩቅ ሲያያት የሞተሩን ድምፅ ዝቅ ያደርገዋል። እኔ ልጅ ሳለሁ ቤት ቁጭ ብዬ እንኳ እሰማው ነበር። ረፋዱን ሁሉ ሲጮህ የቆየው ትራክተር ድምፁ ይወርዳል፤ ያኔ እናቴ ደርሳለች ማለት ነው። አባቴ በሰው ፊት ፍቅሩን የሚያሳይ ሰው አልነበረም። ከዚህ ሌላ ሚስቱን ሲያሞግስ አላየሁም፤ እሷም ከዚህ ሌላ የጠየቀችው ያለ አይመስለኝም።

ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይገባ መሬቱን መገልበጥ ስለነበረብኝ ትራክተሩን አስነሣሁት። ከድሮ የመንግሥት እርሻ የወጣ ነው። ቀለሙን ቀይ ነው ወይስ ብርቱካን ብሎ ለመናገር ያስቸግራል፤ ወንበሩ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ታስሮበታል። ብዙ ሳያስለምነኝ ተነሣ። ረፋዱን በሙሉ እንደ ጤነኛ ሲያርስ ቆየ። እኔም ወንበሩ ላይ ተደላድዬ፣ ይህ ሥራ ለካ እንዲህ ቀላል ነው ማለት ጀምሬ ነበር።

ከዚያ ቀትር ሆነ። እናቴ አገልግሉን ይዛ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ብቅ አለች። ትራክተሩም ድምፁን ዝቅ አደረገ።

እኔ አልነካሁትም። ሁለቱም እጆቼ መሪው ላይ ነበሩ። ሞተሩ ሊጠፋ እስኪደርስ ወረደ፤ ትንሽ ቆየና በራሱ ጊዜ ተነሣ፤ ጮኸ፤ እንደገና ወረደ። ማርሹን አውጥቼ ቆምሁ። እናቴ የታረሰውን መሬት እየረገጠች ቀጥ ብላ መጣች፤ ወደ እኔ ግን አይደለም፤ ወደ ሞተሩ ነው። መዳፏን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች።

«ደክሞሃል» አለች።

«ኧረ ምንም አልደከመኝም እምዬ» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። መኖሬን ገና ያን ጊዜ ያወቀች ትመስል ነበር። «አንተን አይደለም» አለች።

ከዚያ ወደ ሞተሩ ጠጋ ብላ «አይሸትህም?» አለችኝ። ምንም አይሸተኝም ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ሸተተኝ። ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ጧፉ እፍ ተብሎ ሲጠፋ ያለው ሽታ ነው። የቅርቡ ቤተ ክርስቲያን ከጉብታው ማዶ ነው፤ ነፋስም አልነበረም። ዙሪያችን የተገለበጠ አፈርና ናፍታ ብቻ ነው። የክንዴ ጸጉር ቆመ። ቀትር በእኛ አገር ጥሩ ሰዓት አይደለም። ልጆች ሳለን በዚያ ሰዓት ወንዝ አትውረዱ፣ ዋርካ ሥር አትቀመጡ እንባል ነበር፤ ጥላ ሲያጥር የማይታየው ይወጣል ይባላል። ከተማ ገብቼ የረሳሁት ነገር ነበር።

እናቴ እንጀራውን ለሁለት ከፈለች። ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ግማሹን ድንበሩ ላይ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ በጨርቅ ከደነችው። ከምሳ በኋላ ትራክተሩን ሳስነሣው እንደ ጠዋቱ ደህና ሆነ። ሥራ ስጨርስ በድንጋዩ በኩል አለፍሁ፤ ጨርቁ ትልሙ ውስጥ ወድቋል፤ እንጀራው የለም። ቁራ ይሆናል አልሁ። ቀኑን ሙሉ ግን አንድም ቁራ አላየሁም ነበር።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያም በኋላ። ቀትር ሲሆን እሷ ብቅ ትላለች፣ ሞተሩ ይወርዳል፣ የጧፉ ሽታ ይመጣል። እናቴ ራሷን መንከባከብ ጀመረች፤ ጸጉሯን ትሠራለች፣ ያጠበችውን ነጠላ ትለብሳለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ድንጋዩ ላይ የምታስቀምጠው ድርሻ እየበዛ፣ እሷ የምትበላው እያነሰ ሄደ።

እኔ ጠዋት ጠዋት በመንፈስ አላምንም። ጠዋት መፍቻዬን ይዤ ሞተሩ ላይ ስቆም የሞተር ፍጥነት የሚወጣውም የሚወርደውም በምክንያት ነው፤ ምክንያቱም ያለው ብረቱ ውስጥ ነው። ቀትር ላይ ግን ይህን ለመናገር ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

መጀመሪያ ከነዳጅ መስጫው ወደ ፖምፓው የሚሄደውን ዘንግ አየሁ፤ መገጣጠሚያው ላልቷል፤ አጠበቅሁት። ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ሞላ ደክሞ ይሆናል ብዬ አውጥቼ አየሁት፤ ደህና ነው፤ መለስሁት። ፊልትሮውን ቀየርሁ። ናፍታው ውስጥ ውሃ ገብቶ እንደሆነ ብዬ ከሥር አፈሰስሁ፤ ንጹሕ ነው። የነዳጅ ታንኩ ክዳን ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ እሷ ስትደፈን ናፍታው መውረድ እምቢ ይላል፤ በሽቦ ጠረግኋት። እያንዳንዱን ነገር ከነካሁ በኋላ አስነሥቼ አዳምጣለሁ። ሚኒሞው፣ ነዳጅ ሳልሰጠው የሚሠራበት ዝቅተኛው ፍጥነት፣ ልክ ነው፤ ነዳጅ ስሰጠውም ይታዘዛል። አለቀለት እላለሁ። ቀትር ሲሆን ያው ነው። ሰው ቢሆን ኖሮ በጥፊ እለው ነበር። ከዚያ ደግሞ እናቴ እንደምትለው ከሆነ በጥፊ የምለው አባቴን መሆኑ ትዝ ይለኝና አፍራለሁ።

በመጨረሻ አባን በቀትር ጠራኋቸው። መስቀላቸውን፣ ዳዊታቸውንና ጠበል ይዘው መጡ። «ሞተሩን አታጥፋው» አሉኝና ቆመው ይደግሙ ጀመር። እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሞተሩ ይወርዳል፤ ትንፋሽ ሲወስዱ ይነሣል። ጠበሉን ሲረጩት የጋለው ብረት ጭሽ አለ፤ ሞተሩም አጓርቶ ተነሣ። አባ ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። እኔም ፈቀቅ አልሁ። እናቴ ብቻ ካለችበት አልተነቃነቀችም።

«አባ፣ ምንድን ነው ይላሉ?» አልኋቸው፣ ወደ ዳር ወስጄ።

«ልጄ፣ ጋኔን እንኳ ጧፍ ጧፍ አይሸትም» አሉኝ።

ሊያጽናኑኝ ብለው ነው። እናቴ ግን ሰምታቸዋለች፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚያሳምናት ጠፋ። ወሬውም መንደሩን አዳረሰ። በየዓመቱ ለእኛም እረሱልን እያሉ የሚለምኑ ጎረቤቶች ዘንድሮ በበሬያቸው ያርሱ ጀመር። በማሳዬ ዳር ሲያልፉ አማትበው ነው።

ነገሩ በወሬ ብቻ እንደማያበቃ ያወቅሁት ታችኛውን ማሳ ሳርስ ነው። የዚያ ማሳ ጫፍ ገደል ነው። ልዞር ስል ሞተሩ ወረደ። ሊጠፋብኝ ነው ብዬ ነዳጅ ጨመርሁ፤ ይኼኔ ድንገት ተነሥቶ ወደ ፊት ተስፈነጠረ። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ስረግጠው የፊት ጎማዎቹ አፋፉ ላይ ደርሰው ቆሙ። ከሥሬ የተንከባለለው ድንጋይ ታች ሲደርስ ሰማሁት። እናቴ ከላይ ሆና ታየኝ ነበር። ሳትሮጥ፣ ሳትጮህ፣ አገልግሉን እንደያዘች ወረደች።

«አትፍራ» አለችኝ። «እሱ አይጥልህም።»

ከዚያ በጎማው ላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ በእጇ ዳበሰችና አንድ ቀን እኔም እዚህ እቀመጣለሁ፣ ከእናንተ ጋር እዞራለሁ አለች። «ከእናንተ» ነው ያለችው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ትራክተሩን ልሸጠው አሰብሁ፤ ግን ብሸጠው ተከትላው የምትሄድ ሆኖ ተሰማኝ።

ጆሮዬን ማመን ስላቃተኝ በማግስቱ ቀትር ላይ ስልኬን ወንበሩ ሥር አስቀምጬ የሞተሩን ድምፅ ቀዳሁና ደብረ ታቦር ሄድሁ። ባጃጅ ስነዳ ጎረቤቴ የነበረ መካኒክ አለ፤ ትልልቅ መኪና ነው የሚፈታው፤ ሲበዛ ቀልደኛ ነው። የጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። «የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ይሆናል፤ ካልሆነም ፖምፓው አልቆለታል» አለ። ከዚያ ዓይኑን ገለጠ። «ከሞተሩ ጋር የምታወራው ማን ናት?»

«ማንም አላወራም» አልሁት። በዚያ ጩኸት መሀል ምንም አልሰማሁም ነበር።

ማዳመጫውን ሰጠኝ። ከሞተሩ ድምፅ ሥር የእናቴ ድምፅ አለ፤ ዝግ ያለ፣ የቤት ወሬ የሚያወራ ሰው ድምፅ። ጥቁሯ ላም ወለደች ትላለች። ሞተሩ ይወርዳል። ጣሪያው እያፈሰሰ ነው፣ ልጅህ ቆርቆሮውን ዛሬ ነገ እያለ አልመታልኝም ትላለች። ሞተሩ ይነሣል። ትጠብቃለች። ሲወርድ «እሱማ አዎ» ትልና ትቀጥላለች። የሚጠያየቁ ሁለት ሰዎች ነው የሚመስሉት። መካኒኩ ከሌላ ጊዜ ቀልዱ አንዱንም አልቀለደም። ስልኬን በጨርቅ ጠርጎ መለሰልኝና የሚጠብቀው ሥራ እንዳለ ነገረኝ። ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ አለቀስሁ፤ ለእሷ ይሁን ለራሴ እንጃ።

ቀጥሎ የሆነው ይባስ ብሎ አስፈራኝ። እናቴ ገሳይ ያለች ዘመዷ ባሏ ሞቶባት ለቅሶ ሄደች። እዚያስ ደህና አድርጋ አለቀሰች አሉ፤ ለሰው ባል። ያን ቀን ሰማዩ እንደጠቆረ ዋለ፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲያስፈራራ ቆይቶ ትንሽ አካፋ። እኔ ብቻዬን እያረስሁ ቀትርን ጠበቅሁ። ቀትር መጣ፤ ሞተሩ አልወረደም። ሽታውም አልመጣም። ሰዓቱ አለፈ፤ ትራክተሩ ያለ አንዳች ማወላወል ያርሳል። እኔም፣ መፍቻ ይዤ ስንት ጠዋት ስከራከር የኖርሁት ሰው፣ በልቤ ያልሁት ነገር ቢኖር «እሷ ስለሌለች ነው» የሚል ነው። ያልሁትን ስሰማው ደነገጥሁ። እንግዲህ እኔም ማመኔ ነው። ማሳው መሀል ቆሜ፣ አባቴን ጮክ ብዬ ልጠራው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ያዳነኝ ብርዱ ነው። ጣቶቼ ደንዝዘው ስለነበር ሞተሩ ላይ ላሙቃቸው ወረድሁ። ኮፈኑን ስነካው እንደ ሌላ ቀን አላቃጠለኝም፤ ለብ ብሎ ነበር። እጄን እዚያ አድርጌ ቆምሁና አሰብሁ። እናቴ የምትመጣው ቀትር ላይ ነው። ፀሐይ የምትበረታውም፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲሠራ የቆየ ሞተር የሚግለውም ቀትር ላይ ነው። ዛሬ እናቴም የለችም፣ ፀሐይም የለችም። ከሁለቱ አንዷ ናት።

በማግስቱ ፀሐዩ አናት የሚበሳ ሆነ። ቀትር ከመድረሱ በፊት ሽታው ጀመረ፤ እናቴ ገና ከቤት አልወጣችም። ሞተሩን አጠፋሁና አፍንጫዬን ተከተልሁ። ከታንኩ ናፍታ ስባ ወደምታመጣው ትንሽ ፖምፓ የሚሄድ ቀጭን የመዳብ ቱቦ አለ። ጭሱ በሚወጣበት፣ በጋለው ማርሚታ ጀርባ፣ ዓይን በማይደርስበት በኩል ያልፋል። ጣቴን እየለበለበኝ ወደ ጀርባ ሰደድሁት። አንድ ለስላሳ፣ የሚያጣብቅ ነገር ነካሁ። ሥጋ የነካሁ መሰለኝና እጄን መንጭቄ አወጣሁ። ጣቴ ላይ የቀረውን አሸተትሁት፤ ሰም ነው።

ቱቦውን ፈትቼ ሳወጣው የቱቦው ወገብ ላይ ጡጫ የምታክል ጥቅል ነገር ተለጥፎበታል። ላዩ በጭስ ጠቁሯል፤ በጥፍሬ ስፍቀው ውስጡ ቢጫ ነው። ጧፍ ነበር፤ በሰም የተነከረ ፈትል፣ ድርብርብ ተደርጎ የተጠመጠመ። ከሥሩ መዳቡ ተሰንጥቋል። አባቴ ብረቱን ለከተማ መካኒክ አምኖ የማይሰጥ ሰው ነበር። የተሰነጠቀ ቅል በሰም ሲደፈን አይቶ አድጓል፤ ቱቦውንም እንደ ቅል ደፈነው። ጠዋት ሰሙ ደረቅ ሳለ ይይዛል። ሞተሩና ፀሐዩ ተባብረው ሲያግሉት ይላላል፤ ያኔ ፖምፓዋ በናፍታ ፈንታ አየር ትስባለች፣ ሞተሩ ይወርዳል። አየሩ ሲያልፍለት ይነሣል። ናፍታ ቢያንጠባጥብ አየው ነበር፤ ወደ ውስጥ የሚስብ ስንጥቅ ግን ጠብታ የለውም። ምሳ ስንበላ ሲበርድ ሰሙ መልሶ ይጠነክራል። ያ ብቻ ነው። እየሳቅሁ ትልሙ ውስጥ ቁጭ አልሁ።

ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። ጥቅሉን ሳገላብጠው አንድ ቀን የተሠራ እንዳልሆነ አየሁ። ውስጠኛው ፈትል አርጅቶ እንደ አመድ ይፈርሳል፤ በላዩ ሌላ አለ፤ በዚያም ላይ ሌላ። አባቴ ይህን ሲደርብ ዓመታት ኖሯል። ቀትር ላይ ሞተሩ ሲዝልበት በምሳ ሰዓት አብርዶ ሰሙን እያሻሸ፣ ሲያልቅ እየጨመረ። እንግዲያው ልጅ ሳለሁ ከቤት ሆኜ እሰማው የነበረው፣ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ «አየኝ» እያለች የመጣችበት ያ የሚወርድ ድምፅ፣ ስንጥቅ ነበር ማለት ነው። መንፈሱን ላስወጣ ገብቼ ትዳሯን ልወስድባት ሆነ። አዘንሁ። ለእናቴ ከምነግራት ምላሴን ብነክስ ይሻላል ብዬ ወሰንሁ።

በቱቦው ፈንታ ከባጃጅ ዕቃዎቼ መሀል ጠንካራ የጎማ ቱቦ ቆርጬ በማሰሪያ አጠበቅሁት፤ ውስጥ የገባውን አየር አስወጣሁ። ጥቅሉን መጣል አልሆነልኝም፤ ኪሴ ከተትሁት። በማግስቱ ጠዋት ትራክተሩን አስነሣሁት። ፀሐዩ እየበረታ ሄደ፣ ብረቱም ጋለ፤ ድምፁ ግን ያው ነው።

እናቴ በሰዓቷ ብቅ አለች። ነጭ ነጠላዋን ለብሳለች። ባሕር ዛፎቹ አጠገብ ደረሰችና እንደ ልማዷ አልመጣችም፤ ቆመች። ሞተሩ አልወረደም። አገልግሉን በሁለት እጇ ይዛ ትጠብቃለች። ፊቷን እያየሁት ነበር፤ ደጅ ላይ ቆሞ የሚከፍትለት ያጣ ሰው ፊት ነው። ከዚያ ሞተሩ ቀስ ብሎ ወረደ። ደንግጬ ሳይ የእጅ ነዳጅ መስጫውን የያዘው የራሴ እጅ ነው። መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም።

በትልሞቹ ላይ ቀስ ብላ መጣች። መዳፏን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች፤ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ብዙ ቆየች።

«ሽታው የለም» አለች።

እጄን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሣሁ።

«እጅህን ደግሞ አይቸዋለሁ።»

ሞተሩን አጠፋሁና ወረድሁ። መዋሸት አልቻልሁም፤ ጥቅሉን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋትና የሆነውን ነገርኋት። አገልግሉን መሬት አስቀምጣ ትልሙ ላይ ተቀመጠች። ጥቁሩን ሰም በጥፍሯ ፈቅፍቃ የፈትሉን ጫፍ አገኘች፤ ትንሽ ፈታችው፤ በጣቶቿ መሀል አሸችው።

«ፈትሌ ነው» አለች። «እኔ የፈተልሁት ነው። ለቤተ ክርስቲያን የሠራሁት ጧፍ በየጊዜው እየጎደለብኝ፣ አይጥ በላብኝ ስል፣ ወጥመድ ሳስቀምጥ ቁጭ ብሎ ያየኛል። አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላለ።» ከዚያ ሳቀች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

እኔ ግን ያስጨነቀኝን ሳልናገር መቅረት አቃተኝ። «እምዬ፣ እንግዲህ ያኔም ቀትር ላይ ዝቅ የሚለው ሞተሩ ራሱ ይሆናል» አልኋት።

ሳቋን አቋርጣ አየችኝ። «ሞተሩ ይሆናል» አለች። «ወርዶ፣ ይህን ሁሉ ትልም ተሻግሮ አገልግሉን ከእጄ የሚቀበለኝ ግን ሞተሩ አልነበረም።»

ይህን ብላ ወደ ባሕር ዛፎቹ ዞረች። ብቻዋን የመጣችበትን መንገድ አየችው። ከዚያ ጥቅሉን ደረቷ ላይ ያዘችና «ፊቱን እንኳ ሳላየው» አለች። መጀመሪያ በለሆሳስ ነበር። ደግማ ስትለው ድምፁ ከፍ አለ፤ ሦስተኛው ላይ ተነሥታ ደረቷን መታች፤ ያን ሁሉ ወር ያልወጣው ለቅሶ ወጣ። ስሙን እየጠራች ታለቅሳለች፤ ልያዛት ብሞክር ገፋችኝ፤ ተውኋት።

ትራክተሩ ጠፍቶ ስለነበር ጩኸቷ ሸለቆውን ተሻግሮ ተሰማ። በበሬ የሚያርሱት ጎረቤቶች ሞፈራቸውን እየጣሉ፣ ሴቶቹም ከየቤታቸው እየወጡ ወደ እኛ ሮጡ። ከሁሉም ቀድሞ የደረሰው ሰው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ «ማን ሞተ?» አለኝ።

«አባቴ» አልሁት።

ጋቢውን አዘቅዝቆ ለበሰና እናቴ አጠገብ ቆመ። ሌሎቹም እየደረሱ አዘቅዝቀው ለበሱ፤ አልቅሰን አብቅተናል ሳይሉ አብረዋት አለቀሱ።